ስለ ፀሐይ መብራትና ስለ መስመሩ ጤንነት

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚያወጣውን መንገድ ይዞ ዊንጌትን ያለፈ መንገደኛ፥ ቡራዩ ሳይደርስ አስኮን ያገኛል። ስፍራው ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ስለ ሆነ፥ ማታ ከእንጦጦ ወገን የሚወርደው ነፋስ ጋቢ የሚያስደርብ ነው። በዚህ ሰፈር በማለዳ ቀና ብሎ ጣራ ጣራውን የሚመለከት ሰው፥ በቆርቆሮው ላይ ጥቁር መስተዋት የመሰለ ሰሌዳ እዚህም እዚያም ተለጥፎ ያያል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ውኃ ማሞቂያዎች ናቸው፤ ጋናቸውን በራስጌያቸው ተሸክመው ስለሚታዩ ይለያሉ፤ ከመብራት መስመርም ጋር ጉዳይ የላቸውምና በዚህ ጽሑፍ አናነሣቸውም። ሌሎቹ ግን ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጡ፥ ሕዝቡ በአጭር ቃል ሶላር የሚላቸው ናቸው።

ሶላር የሚተክል ሰው የሚያስበው ስለ ራሱ ቤት ነው፤ መብራት ሲጠፋ እንዳልጨልም፥ የወሩም ሒሳብ እንዲቀልልኝ ይላል። ይህ አሳብ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ሰሌዳው ከዋናው የመብራት መስመር ጋር በተገናኘ ጊዜ ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ከአንዱ ጣራ የወጣው ኃይል በጎረቤቱ ሽቦ ያልፋል፤ የጎረቤቱን አምፖል ያደምቃል ወይም ያቃጥላል፤ በምሰሶ ላይ የወጣውን የመስመር ሠራተኛ እንኳ እስከ መግደል ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጣራዎቹ ከመብዛታቸው በፊት፥ ብዙ ሶላር የተሸከመ መስመር ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያወጣ ማወቅ፥ ደንብ ለሚጽፉት ሹማምንትም፥ የደብራቸውን ገንዘብ ለዚህ ሥራ ለማውጣት ለሚያስቡት ካህናትም የሚያስፈልግ ነው።

ይህን ነገር በብዙ ኪሣራ የተማሩት ብርዳማዎቹ የሰሜን አገሮች ናቸው። ፀሐይ የተትረፈረፈችልን እኛ ሆነን ሳለ፥ ጣራቸውን በሶላር በመሸፈን የቀደሙን ፀሐይን በናፍቆት የሚጠብቁት መሆናቸው የሚያስገርም ነው፤ ነገር ግን የቀደመ ሰው መሰናክሉንም ቀድሞ ያገኘዋልና፥ ከእነርሱ ጠይቆ መማር ለእኛ ቀላል ይሆንልናል።

የሰሜኑን ፀሐይ ጠባይ ለመረዳት ሊቃውንቶቻችን ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። መጽሐፈ ሄኖክን ያነበቡ ሁሉ እንደሚያውቁት፥ መጽሐፉ ቀንና ሌሊቱን በ18 ክፍል ከፍሎ፥ ቀኑ እጅግ በረዘመ ጊዜ 12ቱን ክፍል ለቀን፥ 6ቱን ለሌሊት ይሰጣል። በአገራችን ግን ቀኑ የሌሊቱ እጥፍ ሆኖ አያውቅም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለ ሆነች፥ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል አያንስም። ቀኑ የሌሊቱን እጥፍ የሚያህለው በፓሪስ ከተማ አካባቢ ነው። ከዚያም አልፎ እስከ ፊንላንድ ዋና ከተማ እስከ ሄልሲንኪ የሄደ ሰው፥ በሰኔ ወደ 19 ሰዓት የሚጠጋ ቀን፥ በታኅሣሥ ደግሞ 6 ሰዓት የማይሞላ ቀን ያገኛል። በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ በአስኮ ሰማይ ላይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስትቆም፥ በዚያው ቀን በሄልሲንኪ ከ7 ዲግሪ አታልፍም፤ አንድ ረጅም ዛፍ ይጋርዳታል። እንግዲህ የሰሜን ሰው ከሶላሩ የሚሰበስበው ኃይል አብዛኛው ከመጋቢት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚገኝ ነው፤ ኃይል አብልጦ የሚፈልገው ግን በረዶ ወርዶ ቤቱን በሚያሞቅበት ወራት ነው። የመጣውና የተፈለገው አይገናኙም ማለት ነው።

ብርዱ ራሱ ግን ለሰሌዳው ጠላት አይደለም። ሰሌዳው የተሠራበት ሲሊኮን፥ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከኃይሉ ከመቶ 0.3 እስከ 0.4 ያህል ያጣል፤ ሲቀዘቅዝም በዚያው ልክ ያተርፋል። ስለዚህ በእኩል ብርሃን በአፋር ቆላ ከተተከለው ይልቅ በአስኮ ደጋ የተተከለው አብልጦ ይሰጣል። በሰሜንም በመጋቢት ወር ሰማዩ ጠርቶ፥ አየሩ ቀዝቅዞ፥ በምድር ላይ ያለው በረዶ ደግሞ ብርሃኑን እንደ መስተዋት ወደ ላይ ሲመልሰው፥ ሰሌዳው ከተጻፈለት መጠን በላይ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። በረዶው ሰሌዳውን ራሱን ከሸፈነው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአንድ ወረዳ ያሉ ጣራዎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ይሸፈናሉ፤ በነጋታውም ፀሐይ ወጥታ በረዶው እየተንሸራተተ ሲወድቅ፥ ኃይሉ መስመሩን የሚቆጣጠረው ሰው ባላሰበው ሰዓት ይመለስበታል።

ሰሌዳው የሚያወጣው ኃይል እንደ ባትሪ ኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው፤ በመስመራችን ያለው ግን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጠው ኢንቨርተር የሚባለው ሣጥን ነው። የመስመሩ ጤንነት ከሰሌዳው ይልቅ በዚህ ሣጥን ላይ ያደረ ሲሆን፥ ገዢዎች ስለ ሰሌዳው ብዛትና ዋጋ ሲከራከሩ ውለው ስለ ሣጥኑ አንድ ቃል ሳይጠይቁ መሄዳቸው የሚያሳዝን ነው። ሣጥኑ ሞገዱን የሚሠራው ኃይሉን እጅግ በፍጥነት እየቆራረጠ ስለ ሆነ፥ አሠራሩ ያልተጣራ እንደ ሆነ ትርፍ ሞገድ ወደ መስመሩ ይለቃል፤ ባለሙያዎች ሃርሞኒክ ይሉታል። በማኅሌት መካከል አንድ ሰው ከዜማው ወጥቶ ቢጮኽ የሁሉ ዜማ እንደሚበላሽ ያለ ነው። ትርፉ ሞገድ ትራንስፎርመሩን በከንቱ ያሞቃል፥ ሞተሮችን ያስጮኻል፥ በኒውትራሉ ሽቦም ላይ ይከማቻል። ይህ ጉድለት ጎልቶ የሚታየው ሣጥኑ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ሳይሆን በጥቂቱ ሲሠራ ነው፤ ስለዚህ የሰሜኑ ሶላር በጨለማዎቹ ወራት ቀኑን ሙሉ በዚህ ሁኔታ ይቆያል፤ የእኛ ግን በንጋትና በምሽት፥ እንዲሁም በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ያገኘዋል። በዚህ በኩል ዕድላችን ከእነርሱ ይሻላል።

ዋናው ነገር ግን ቮልቴጁ ነው፤ በእርሱም ላይ ጥቂት እንቆይ።

ኃይል ከትራንስፎርመሩ ተነሥቶ ወደ ቤቶቹ ሲሄድ በመንገዱ እየደከመ ስለሚሄድ፥ በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት ከሁሉ ያነሰ ቮልቴጅ ያገኛል። ሶላር ያለው ቤት ከሚፈልገው አትርፎ ወደ መስመሩ ሲመልስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ለመሄድ በፊቱ ያለውን ቮልቴጅ መብለጥ ግድ ስለሚሆንበት፥ ጫፉ ከራሱ ከፍ ይላል። በምሳሌ እንየው። ከትራንስፎርመሩ 500 ሜትር የራቀ ቤት አለ እንበል፤ መስመሩም ውፍረቱ 50 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ሽቦ ይሁን። የዚህ ሽቦ ተቃውሞ በአንድ ኪሎሜትር 0.64 ኦም ያህል ስለ ሆነ፥ በፌዙ ሲሄድና በኒውትራሉ ሲመለስ አንድነት 0.64 ኦም ይሆናል። በዚህ ቤት 5 ኪሎዋት የሚሰጥ ሶላር በአንድ ፌዝ ብቻ ቢገጠምና ቤቱ ቀትር ላይ ምንም ባይጠቀም፥ 22.7 አምፔር ያህል ወደ መስመሩ ይመለሳል፤ የቤቱም ቮልቴጅ ከ220 ወደ 234 ተኩል ገደማ ይወጣል። ያው 5 ኪሎዋት በሦስቱ ፌዝ እኩል ቢከፋፈል ግን ጭማሪው 2 ቮልት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ሰሌዳው ያው፥ ፀሐይቱ ያችው፥ ሽቦውም ያው ሆኖ ሳለ፥ በአገጣጠሙ ብቻ ልዩነቱ ስድስት እጥፍ ሆነ። ጀርመኖች ከ4.6 ኪሎቮልት አምፔር የሚበልጥ ሶላር በአንድ ፌዝ ብቻ እንዳይገጠም በደንባቸው የወሰኑት፥ ሦስቱ ፌዞች እንዳይዛነፉ ብለው ነው።

አሁን ደግሞ ያንኑ መስመር ምሽት ላይ እንመልከተው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ይፈልጋል። ነገ በዓል ነውና፥ በመስመሩ ጫፍ በአንድ ፌዝ ላይ ያሉ አራት ቤቶች በአንድ ሰዓት ምጣዳቸውን ቢጥዱ፥ ቮልቴጁ ወደ 185 ይወርዳል። አምፖሉ ይፈዛል፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ለመነሣት ያቃስታል፤ ምጣዱም በሚገባ ስለማይግል እንጀራው ዓይን አያወጣም። ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከዋናው መንገድ ራቅ ብሎ በመስመር ጫፍ የሚኖር ማናቸውም የከተማችን ሰው የሚያውቀው ነው።

አቤቱታውን የሰማ ሠራተኛ ሊያደርገው የሚቀለው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም በትራንስፎርመሩ ላይ ያለውን የቮልቴጅ መምረጫ ከፍ ማድረግ ነው። በሰፈር ትራንስፎርመሮች ላይ ይህ መምረጫ መብራት ተቋርጦ በእጅ የሚለወጥ ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ ከተለወጠ ወራትና ዓመታት እንዳለ ይኖራል። በመቶ 5 ከፍ ቢደረግ መነሻው 231 ቮልት ይሆናል። ያን ጊዜ ምሽት ላይ የጫፉ ቤት ወደ 195 ይሻሻልለታል፤ ቀትር ላይ ግን ያ ባለ አንድ ፌዝ ሶላር ወደ 245 ያደርሰዋል። የአውሮፓ ደንብ የሚፈቅደው ከተወሰነው መጠን በመቶ 10 ከፍታና በመቶ 10 ዝቅታ ነው፤ በ220 ሲሰላ ከ198 እስከ 242 ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ቤት በአንድ ቀን ውስጥ ከላይም ከታችም ከደንቡ ወጣ፤ በቀትርና በምሽት መካከል ያለውም ልዩነት 50 ቮልት ሆነ።

ሰሜናውያን የወደቁበት ጉድጓድ ይኸው ነበር። በገጠራቸው ያለው ረጅም መስመር የተዘረጋው፥ የትራንስፎርመሩም መምረጫ የተስተካከለው ለብርዱ ወራት ማሞቂያ ተብሎ ነው። ሶላር በበዛ ጊዜ፥ በሰኔ ቀትር፥ ማሞቂያው ሁሉ ጠፍቶ፥ የቤቱም ሰዎች ለዕረፍት ወደ ሐይቅ ዳር ሄደው ሳሉ፥ ጣራዎቹ የሚሰጡትን የሚቀበል ጠፋ፤ ቮልቴጁም ሽቅብ ወጣ። ነገር ግን እነርሱ ዝቅታውን በጥር፥ ከፍታውን በሰኔ ስለሚያገኙት በመካከሉ መስመሩን የሚያስተካክሉበት ወራት አላቸው። በአስኮ ግን ከፍታው ቀን በ6 ሰዓት፥ ዝቅታው ማታ በ1 ሰዓት ይመጣል። የሰሜን ሰው በዓመት አንድ ጊዜ የሚያገኘውን ፈተና እኛ በየቀኑ እናገኘዋለን፤ ስለዚህ መምረጫ በማዞር የሚገኝ ፈውስ የለንም።

ፈውሱ ያለው በሌላ በኩል ነው። መልካም ሆነው የተሠሩ ኢንቨርተሮች ቮልቴጁ ሲወጣ ራሳቸው አውቀው ይገታሉ፤ መጀመሪያ ሪአክቲቭ የሚባለውን ኃይል ከመስመሩ በመሳብ ቮልቴጁን ያወርዳሉ፤ ይህ ባይበቃ የሚሰጡትን ኃይል ጥቂት በጥቂት ይቀንሳሉ። ርካሾቹ ግን የሚያውቁት መስጠትንና መቋረጥን ብቻ ነው። ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ድንገት ይጠፋሉ፤ እርሱ ሲወርድ ተመልሰው ይበራሉ፤ ሲበሩ ይወጣል፥ ሲወጣም ይጠፋሉ፤ እንዲህ እያሉ የሰፈሩን አምፖል ሲያርገበግቡት ይውላሉ። በአንድ መስመር ላይ አሥር እንደዚህ ያሉ ሣጥኖች ቢኖሩ ምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምት።

ከዚህም ሌላ፥ ሽቦውን ማወፈር ወይም ትራንስፎርመሩን ወደ ቤቶቹ ማቅረብ ሁለቱንም ወገን፥ ቀትሩንም ምሽቱንም ይጠቅማል፤ ገንዘብ ግን ይጠይቃል። ገንዘብ ከማይጠይቀው መድኃኒት አንዱ፥ ኃይሉን በመጣበት ሰዓት መጠቀም ነው። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች፥ የወፍጮ ቤቶች፥ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤቶች ቀትር ላይ ከሠሩ፥ የጣራው ኃይል ከዚያው መንደር ሳይወጣ ያልቃል፤ ቮልቴጁም አይወጣም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካደረገ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እየበዙ ነውና፥ እነዚህ በምሽት ከምጣዱ ጋር እየተሻሙ ከሚሞሉ ይልቅ በቀን ቢሞሉ ለመስመሩ ትልቅ ዕረፍት ነው። ባትሪ ያለው ቤትም ቀትሩን ለምሽት ያቆየዋል፤ ባትሪው ግን ዛሬም ከሰሌዳው ይልቅ ኪስ የሚጎዳ ነው።

ስለ ደመናም ጥቂት መናገር ይገባናል። በሰኔና በመስከረም፥ ዝናብ አቋርጦ ፀሐይ ከደመና ጠርዝ ብቅ ስትል፥ ከደመናው ዳር የሚንጸባረቀው ብርሃን ከቀጥተኛው ጋር ተጨምሮ ለጥቂት ጊዜ ከጠራ ቀትር ይልቅ ይበረታል፤ በዝናቡ የቀዘቀዘውም ሰሌዳ በዚያች ደቂቃ ከልኩ በላይ ይሰጣል፤ ወዲያው ሌላ ደመና ሲመጣ ይወድቃል። በአንድ ጣራ ላይ ይህ ዝላይ ብርቱ ነው፤ በአንድ ከተማ ላይ ለተበተኑ ብዙ ጣራዎች ግን አንዱ ሲጨልም ሌላው ስለሚበራ በመጠኑ ይቻቻላል። በዚህ ነገር የደጋችን ጠባይ ከሰሜኑ ጋር ተመሳሳይ ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ሰፈር መስመር ነው። የአገር መስመር ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚታመምበትም መንገድ አለ። በመላው መስመር ያለው ምልልስ በሴኮንድ 50 መሆን አለበት፤ ኃይል ሲበዛ ከዚያ ይወጣል፥ ሲያንስ ይወርዳል። ጀርመኖች በቀድሞው ደንባቸው ምልልሱ 50.2 በደረሰ ጊዜ ሶላር ሁሉ ወዲያው እንዲቋረጥ አዝዘው ነበር። ሶላሩ ጥቂት በነበረ ጊዜ ይህ ትእዛዝ ጥበብ ይመስል ነበር። በኋላ ግን ሶላሩ ከ10 ሺህ ሜጋዋት አለፈ፤ ምልልሱ 50.2 ቢደርስ ይህ ሁሉ ኃይል በአንድ ቅጽበት እንደሚጠፋ፥ ለመላው የአውሮፓ መስመር ለድንገተኛ ነገር የተቀመጠው መጠባበቂያ ደግሞ 3 ሺህ ሜጋዋት ብቻ መሆኑን አስተዋሉ። በ2004 ዓ.ም. ሕግ አውጥተው፥ እየአንዳንዳቸው ከ10 ኪሎዋት በላይ የሆኑ ከ300 ሺህ የበለጡ ሶላሮች በየቤቱ እየተዞረ እንዲስተካከሉ አደረጉ። አንዲት ቍጥር መጀመሪያ በሚገባ ሳትታሰብ ስለ ተጻፈች ያን ያህል ቤት ማንኳኳት አስፈለገ።

ነገር አስቀድሞ የታሰበበት እንደ ሆነ ግን ፀሐይ ራሷ ብትጨልምም መስመር አይወድቅም። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በአውሮፓ ፀሐይ በጨረቃ በተጋረደች ጊዜ የጀርመን ሶላር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወርዶ ተመልሶ ወጣ፤ ተቆጣጣሪዎቹ ለብዙ ወራት ተዘጋጅተው ስለ ነበር መብራት አልጠፋም። (በአገራችን ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ በኩል ፀሐይ ቀለበት ሆና በታየች ጊዜ ለመስመራችን የሚያሰጋ ሶላር አልነበረንም።) ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ብርዳማ ባልሆኑት በስፔንና በፖርቱጋል፥ በቀን፥ የመላው አገር መብራት ጠፋ። ጥፋቱን ሁሉ በፀሐይ ላይ የጣሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ነገሩን የመረመሩት የአውሮፓ ባለሙያዎች ግን ቮልቴጁ ከልክ በላይ እየወጣ አንዱ ጣቢያ ሌላውን አስከትሎ መውደቁን ገለጹ። አሁንም ነገሩ ወደ ቮልቴጅ ተመለሰ።

በዚህ በኩል ለኢትዮጵያ ከፍርሃት ይልቅ ተስፋ ይበልጣል። ኃይላችን ከመቶ ከ90 በላይ ከውኃ የሚገኝ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5150 ሜጋዋት የሚሰጥ ሆኖ ተሠርቷል። የውኃ ተርባይን ከባድ መንኰራኵር ስለ ሆነ፥ ድንገተኛ ለውጥ ሲመጣ በመዞሩ ብርታት መስመሩን ደግፎ ይይዛል፤ ሶላር ግን የሚዞር ክብደት የለውም። ውኃ በግድብ ውስጥ ይጠብቃል፥ ፀሐይ አትጠብቅም፤ ስለዚህ ቀን በፀሐይ ሠርቶ ውኃውን ለማታ ማቆየት ይቻላል። ከዚህም የሚበልጥ ጸጋ አለን። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ስትሸሸግ ወንዞች ይሞላሉ፤ ከጥር እስከ ግንቦት ውኃው ሲጎድል ፀሐይ ትበረታለች። ኖርዌይም እንደ እኛ በውኃ የምትኖር አገር ናት፤ የእርስዋ ፀሐይ ግን የምትበረታው በረዶው ቀልጦ ወንዙ በሚሞላበት በዚያው ወራት ነው።

ዳሩ ግን ከጉባ ተነሥቶ በከፍተኛ መስመር ይህን ያህል ርቀት የተጓዘ ኃይል፥ አስኮ ከደረሰ በኋላ በመጨረሻው 500 ሜትር ሽቦ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ግድብ የቱንም ያህል ቢተልቅ ይህን አያድንም። የእኛ ሥጋት በአገር መስመር ላይ ሳይሆን በሰፈር መስመር ጫፍ ላይ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

የሰው ሕይወት የሚነካ አንድ ነገር ቀርቶናል። ብዙ ገዢዎች መብራት ሲጠፋ ሶላሬ ያበራልኛል ብለው ያምናሉ። ከመስመር ጋር ተገናኝቶ እንዲሠራ የተሠራ፥ ባትሪ የሌለው ሶላር ግን መስመሩ ሲጠፋ አብሮ መጥፋት አለበት፤ ይህም ጉድለቱ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። አለዚያ መስመሩ ተቋርጧል ብሎ በምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ፥ ከአንድ ጣራ በሚመጣ ኃይል ይገደላል። ያውም ትራንስፎርመር ወደ ኋላም ይሠራልና፥ ከቤት የገባው 220 ቮልት በላይኛው ሽቦ 15 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል። ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ያለው ኢንቨርተር ከቤቱ ሶኬት ጋር ያለ መቀያየሪያ የሚያገናኝ ሰው፥ ሳያውቅ ይህንኑ ያደርጋል። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር ፈተናው ብርቱ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን የአንድ ምሽት ብርሃን በሰው ነፍስ አይገዛም። ባትሪ ያለው ሰው፥ መስመሩ ሲጠፋ ቤቱን ከውጭው ሽቦ ፈጽሞ የሚለይ መቀያየሪያ ያስገጥም።

ኃይል የማመንጨቱና የማስተላለፉ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፥ የማከፋፈሉ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተለይቶ የተሰጠው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ የኢነርጂ አዋጅ ቍጥር 810ም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ቍጥጥሩ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ብዕር የያዙ ሹማምንት፥ ስለ ጣራ ሶላር በሚጽፉት መመሪያ ውስጥ ከሁሉ አስቀድመው ቮልቴጁ ሲወጣ ራሱን የማይገታ ኢንቨርተር ከጉምሩክ እንዳያልፍ ቢያደርጉ፥ ጀርመኖች በየቤቱ ዞረው የሠሩትን ሥራ በአንድ በር ላይ ይፈጽሙታል። ከዚያም ትልቁ ሶላር በሦስት ፌዝ እንዲገጠም፥ ትንሹም በምሰሶው ላይ ያለው ሠራተኛ በሚመርጥለት፥ ጭነት በበዛበት ፌዝ ላይ እንዲሆን ይወስኑ። ባለቤቱ ደስ ባለው ፌዝ ላይ ከገጠመው፥ ሁሉም በአንዱ ላይ ይወድቅና ሌሎቹ ሁለቱ ባዶ ይቀራሉ። ሶላር እንዳይገጠም ለመከልከል ግን አይቸኩሉ፤ ከላይ እንዳየነው በአንድ መንገድ የተገጠመው 14 ቮልት ሲያስነሣ፥ በሌላ መንገድ የተገጠመው 2 ቮልት ተኩል ብቻ ያስነሣልና፥ የሚከለከለው አገጣጠሙ ነው።

ሶላር ለመትከል አስቦ ከምእመናን ገንዘብ የሚሰበስብ የአስኮ ደብር ቢኖር፥ ከነጋዴው ጋር ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በቮልት መለኪያ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ሁለት ጊዜ፥ ቀን በ6 ሰዓትና ማታ በ1 ሰዓት፥ የቤተ ክርስቲያኑን መስመር በሦስቱም ፌዝ እየለካ በደብተር ይጻፍለት። በሳምንቱ ውስጥ አንድ የበዓል ዋዜማ ቢገባበት ይበልጥ ይጠቅማል፤ ምጣዱ ሁሉ የሚጣደው በዚያ ምሽት ነውና። ደብተሩ ተይዞ ወደ አገልግሎቱ የሰፈር ጽሕፈት ቤት ቢኬድ፥ ትራንስፎርመሩ ምን ያህል እንደ ራቀ፥ መምረጫው በስንት ላይ እንደ ቆመ፥ ከዚህ በፊት በዚያ መስመር ላይ ስንት ሶላር እንደ ተገናኘ ይጠየቅ፤ መልሱም በዚያው ደብተር ከቮልቱ ቍጥር አጠገብ ይጻፍ።